መኪናዋ ለምን ትስባለች? የፊት ጎማ የ200 ዓመት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና እስኪፈላ የሚነበብ ነው። "የታሪክ መምህር ስለ መኪና መሪ ምን አገባው?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ታሪክ የነገሥታት ስም ዝርዝር ብቻ አይደለም እያልኩ ክፍል ውስጥ ስለፈልፍ አልነበር? ይኸው ዛሬ በብረት ላሳያችሁ።

ከናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ አሁን መኪና ይዛችኋል፤ እሰየው፣ ያብዛላችሁ። ስንገናኝ ግን ከሦስቱ አንዱ ወሬ ይሄው ነው፦ "ቲቸር፣ መኪናዬ ወደ ቀኝ ትስባለች። አላይመንት አስደረግኩ፣ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ ጀመረች። እንደገና አስደረግኩ፣ ያው ናት።" ሁለት ጊዜ ተከፈለ፣ ጎማው ግን መበላቱን አላቆመም። ይባስ ብሎ ውስጥ የላላው ብረት አሁንም እንደላላ ነው። መንገድ ዳር አንድ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ተገንጥሎ የተጋደመ ሚኒባስ አይታችሁ ታውቁ የለ? ያ ጎማ በአንድ ቀን አልተገነጠለም። ወር ሁለት ወር ሲናገር ቆይቶ ነው፤ የሰማው የለም እንጂ።

የኔ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከመኪናችሁ ፊት ሥር ያለው እያንዳንዱ ብረት ለአንድ የቆየ ብልሽት የተሰጠ መልስ ነው። የትኛው ብረት ለየትኛው ችግር እንደመጣ የሚያውቅ ሰው ምልክቱን አይቶ ጥፋቱ የት እንዳለ ይገምታል። የማያውቅ ሁሉንም "አላይመንት" በምትል አንዲት ቃል ይጠቀልላታል።

ደግነቱ ታሪኩን ለማየት ሙዚየም መሄድ አያስፈልገንም። አንድ ሰፋ ያለ ጋራዥ ግቢ ግቡ። ጥግ ላይ የጭነት አይሱዙ ይኖራል፤ መሀል ላይ ዶልፊን ወይም አባዱላ ሚኒባስ፤ በሩ አጠገብ ቪትዝ። ሦስቱ ሦስት የተለያየ ዘመን ናቸው። በር ላይ ተሳፋሪ የሚጠብቀው ባጃጅ ደግሞ አራተኛው ነው፤ እሱ እንዲያውም ከሁሉም ይቀድማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ ኮሜንት ላይ እንዳንጣላ።)

ከሠረገላ እንነሳ። የኛ ከተማ ጋሪ ሁለት ጎማ ነው፤ ፈረሱ ሲዞር ጋሪው ይዞራል፣ አለቀ። ጣጣው የሚመጣው አራት ጎማ ሲሆን ነው። የአውሮፓ ሠረገላ ሲጠማዘዝ የፊቱ አክስል ሙሉውን፣ ከነሁለት ጎማው፣ መሀል ላይ ባለች አንዲት ፒን ዙሪያ ይሽከረከር ነበር። ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ አክስሉ በጣም ሲዞር ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከሠረገላው ሆድ ሥር ይገቡና ሠረገላው በአንድ እግሩ እንደቆመ ሰው ይሆናል፤ ትንሽ ከተገፋ ይገለበጣል። ሁለተኛ፣ አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ የአክስሉ ግማሽ ርዝመት እንደ ዘንግ ያገለግልና መላውን አክስል በጉልበት ይጠመዝዘዋል። ፈረስ እስካለ ድረስ ምንም አይደል፣ ፈረሱ ይይዘዋል። ሞተር ሲመጣ ግን ያ ጉልበት በቀጥታ የሚያርፈው በሰው ክንድ ላይ ነው።

ይህን ቀድሞ ካሰቡት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ኢራስመስ ዳርዊን ነው። አዎ፣ የቻርልስ ዳርዊን አያት። በሽተኛ ለማየት በዚያ ዘመን መንገድ ሲንገላታ የሚውል ሰው ስለነበር የሠረገላ ነገር ያሳስበው ነበር። በ1750ዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ አክስሉ ባለበት እንዲቆምና ሁለቱ ጎማዎች ብቻ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፒን ላይ እንዲዞሩ አሰበ። ፓተንት ግን አላወጣበትም። እሱ ራሱ በ1768 በሠረገላ አደጋ የጉልበቱ ሎሚ ተሰብሮ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነክስ ኖሯል።

ከዚያ በ1816 ጌኦርግ ላንከንስፐርገር የሚባል የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ያንኑ ሐሳብ በራሱ መንገድ አመጣው። እንግሊዝ አገር ወኪል ያስፈልገው ነበርና ለንደን የሚኖረውን ሩዶልፍ አከርማንን ያዘ። አከርማን የሥዕልና የመጽሐፍ አሳታሚ ነበር፤ ሙያው ግን ከሠረገላ ነው የጀመረው፤ የአድሚራል ኔልሰንን የቀብር ሠረገላ ንድፍ የሠራው እሱ ነው። በ1818 ፓተንቱን በራሱ ስም አስመዘገበ። እና ዛሬ በዓለም ላይ ያለ የመካኒክ ትምህርት ቤት ሁሉ "የአከርማን ጂኦሜትሪ" እያለ ያስተምራል። ያሰበው አንድ፣ የሠራው ሌላ፣ ስሙን የያዘው ወኪሉ! የታሪክ ተማሪዎች ይህ አይነቱ ነገር አዲስ አይሆንባችሁም።

ነጥቡ ምንድን ነው? መኪና ስትዞር አራቱም ጎማዎች በአንድ ማዕከል ዙሪያ ክብ መሥራት አለባቸው። የውስጠኛው ጎማ ትንሽ ክብ ይሠራል፣ የውጭኛው ትልቅ። ስለዚህ የውስጠኛው የበለጠ መታጠፍ አለበት። በቁጥር እንየው፦ ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 2.4 ሜትር፣ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መዞሪያ መሀል 1.4 ሜትር የሆነች ትንሽ መኪና ውሰዱ። በኋላ አክስሏ መሀል 5 ሜትር ሬዲየስ ባለው ክብ ስትዞር የውስጠኛው ጎማ 29 ዲግሪ ገደማ፣ የውጭኛው 23 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ ይኖርበታል። የስድስት ዲግሪ ልዩነት ነው። ይህ ልዩነት ከጠፋ አንዱ ጎማ አስፋልቱ ላይ እየተጎተተ ነው የሚዞረው። በአደጋ ወይም ጉድጓድ በመግባት የመሪ ክንዳቸው የታጠፈ መኪኖች ቀጥታ ሲሄዱ ምንም ሳይሉ ጠባብ ኩርባ ላይ ብቻ ጎማቸው የሚንጫጫው ለዚህ ነው። ይህን ቶ በማስተካከል አታድኑትም፤ የታጠፈው ክንድ ካልተቀየረ በቀር።

አሁን ወደ ባጃጁ። ካርል ቤንዝ በ1886 ፓተንት ያወጣባት የመጀመሪያዋ መኪናው ባለ ሦስት ጎማ ናት። ለምን ሦስት? የአራት ጎማን መሪ በሚያረካው መንገድ አልፈታውም ነበርና። ፊት ላይ አንድ ጎማ ካለ የአከርማን ጣጣ የለም፣ የቶ ጣጣ የለም። ቤንዝ ወደ አራት ጎማ የተሻገረው በ1893 ነው፤ እያንዳንዱ የፊት ጎማ በየራሱ ፒን የሚዞርበትን መሪ ፓተንት ካወጣ በኋላ ቪክቶሪያ የተባለችውን መኪና ሠራ። እንግዲህ ባጃጅ ነጂ ወንድሞቻችን ከ1893 በፊት ነው የሚኖሩት ማለት ነው፤ ቢያንስ የአላይመንት ወጪ የለባቸውም።

የዚያን ዘመን መኪኖች መሪያቸው ክብ አልነበረም። እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያለ ዘንግ ነበር፤ ግራና ቀኝ ይገፋል። ይህ ዘንግ ምን ያህል አደገኛ እንደነበር ለመረዳት የኤሚል ሌቫሶርን መጨረሻ ማወቅ ይበቃል። ሌቫሶር የፈረንሳዩ የፓናር ኤ ሌቫሶር ኩባንያ አንዱ መሥራች ነው። በ1895 ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ያህል ቀንና ሌሊት ብቻውን ነድቶ ቀድሞ የገባ ጀግና ነው። በ1896 የፓሪስ ማርሴይ ውድድር ላይ ግን ውሻ መንገድ ገባበት፤ መኪናው ተገለበጠ፤ ተጎዳ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ወር ላይ ሞተ።

እሱን ተክቶ ድርጅቱን የመራው አርተር ክሬብስ ነው፤ ኮማንደር እያሉ ይጠሩት ነበር። ይህ ሰው በታሪክ ብዙም አይወራለትም፤ በኔ ግምት ግን ከአከርማን የበለጠ ለናንተ የዋለ እሱ ነው። ዘንጉን በክብ መሪ ተካ፤ ክብ መሪ ከሱ በፊትም ተሞክሮ ነበር፣ ቫሽሮን የተባለ ፈረንሳዊ በ1894 የፓሪስ ሩዋን ውድድር ላይ ይዞ ቀርቧል። የክሬብስ ትልቁ ነገር ሌላ ነው። ጎማው የሚዞርበትን ፒን ወደ ኋላ ጋደም በማድረግ መሪው እጅ ሲለቀው ራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ ማድረግ እንደሚቻል በ1890ዎቹ አጋማሽ ፓተንት ያወጣበት ሐሳቡ ነው። ይህ ዛሬ ካስተር የሚባለው ነው። የሆስፒታል አልጋ ጎማ አይታችሁ የለ? ወደየትም ብትገፉት ጎማው ዞሮ ከኋላ ይከተላል። የብስክሌት ሹካም ወደ ኋላ የተጋደመው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ኩርባ ጨርሳችሁ መሪውን ለቀቅ ስታደርጉት በፈቃደኝነት የማይመለስ ከሆነ፣ ወይም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ መኪናዋ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ የምትል ከሆነ፣ የክሬብስ ሥራ ነው የተበላሸው፦ ወይ ካስተሩ ቀንሷል፣ ወይ ቦልጆይንቱ ደርቆ ተቆራኝቷል፣ ወይ የአሞርዛተሩ የላይኛው ኩሽኔታ ዝጓል። በግራና በቀኝ ያለው ካስተር ሲለያይ ደግሞ መኪናዋ ካስተሩ አነስተኛ ወደሆነበት ጎን ትስባለች።

አሁን አይሱዙው ጋ ደረስን። አይሱዙ ኤንፒአርም ሆነ ኤፍኤስአር ከፊት የሚሄደው በአንድ ወጥ አክስል፣ በባሌስትራና በፔርኖ ነው። ፔርኖ ማለት ጎማው የሚዞርበት ወፍራም ፒን ነው። ይህ ከ1900 እስከ 1930 አካባቢ አብዛኛው መኪና የተሠራበት ዘዴ ነው። ለጭነት ዛሬም የሚስተካከለው የለም፤ ይሸከማል፣ አይታጠፍም፣ ፒስታ መንገድ አይፈራም። ነገር ግን አንድ ክፉ በሽታ ይዞ መጣ።

በ1920ዎቹ ሁለት አዳዲስ ነገሮች በአንድ ጊዜ መጡ። አንዱ የፊት ጎማ ፍሬን ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙ መኪና ፍሬኑ ከኋላ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ፋየርስቶን በ1923 ገደማ ያስፋፋው "ባሉን" የሚባለው ወፍራም፣ አነስ ያለ ንፋስ የሚሞላ ጎማ ነው። ሁለቱም ጥሩ ነገሮች ናቸው። ሁለቱ በወጥ አክስል ላይ ሲገናኙ ግን መኪኖች በሆነ ፍጥነት ላይ የፊት ጎማቸው ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ በኃይል ይንቀጠቀጥ ጀመር። መሪው ከእጅ ያመልጣል። ነጂው ቆሞ እስኪረጋጋ ድረስ አይቆምም። ፈረንጆቹ ሺሚ አሉት።

ምክንያቱን ለማየት የብስክሌት ጎማ በሁለት እጃችሁ ከመሀሉ ይዛችሁ ሰው በፍጥነት እንዲያሽከረክርላችሁ አድርጉ፤ ከዚያ ወደ ጎን አጋድሉት። ሳታዞሩት ራሱ ይዞርባችኋል። (የፊዚክስ መምህራን ይህን ክፍል ውስጥ ሲያሳዩ ተማሪው ሁሉ ይጮሃል።) በወጥ አክስል ላይ አንዱ ጎማ እብጠት ሲወጣ አክስሉ ያጋድላል፣ ሁለቱም ጎማዎች አብረው ያጋድላሉ፤ ሲያጋድሉ ይዞራሉ፤ ሲዞሩ ተመልሰው አክስሉን ያጋድላሉ። በመሀል ያላላ ነገር ካለ፣ የፔርኖ ቡሽ ካለቀ ወይም ቴስቲናው ከተቦረቦረ (ቴስቲና የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ባለ ኳስ መጋጠሚያ ናት)፣ ያ ላላ ቦታ ለዳንሱ መድረክ ይሆነዋል።

የዘመኑ ሰዎች መጀመሪያ ያደረጉት እኛ ዛሬ የምናደርገውን ነው። ማዕዘን መነካካት። ካስተር ቀንስ፣ ቶ ጨምር፣ ምንጩን አጠንክር፣ መሪው ላይ የሚጎትት ዳምፐር ግጠም። አንዳንዱ ትንሽ ያስታግሳል፣ አንዱም አያድንም። ጉዳዩ ማዕዘን ላይ ሳይሆን ሁለቱን ጎማዎች አንድ ላይ ያሰረው ብረት ላይ ነበርና።

እዚህ ላይ ሞሪስ ኦሊ ይመጣል። ኦሊ ከሮልስ ሮይስ የመጣ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው፤ በ1930 ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክ ክፍል ገባ። የወደድኩለት ነገር አሠራሩ ነው። መጀመሪያ ምንም አልቀየረም፤ ለካ። ክብደት ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተዘዋወረ የሚጫንባት የሙከራ መኪና ሠርቶ፣ የመኪና ምቾት በምን እንደሚወሰን አንድ በአንድ እየሞከረ አየ። መልሱ የፊት ምንጭ መለስለስ አለበት የሚል ሆነ፤ ወጥ አክስል ላይ ግን ምንጭ ባለሰለሱ ቁጥር ሺሚው ይብሳል። ስለዚህ አክስሉ ራሱ ይሂድ ተባለ። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ይውጣና ይውረድ። ላንቺያ ላምዳ የምትባለው ጣሊያናዊት ከ1922 ጀምሮ በራሷ መንገድ ይህን አድርጋ ነበር፤ በብዛት ወደ ሕዝብ የወረደው ግን በ1934 የጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ነው። ካዲላክ፣ ቢዩክና ኦልድስሞቢል ከላይ አጭር ከታች ረጅም ክንድ ያለውን ዓይነት ያዙ። ሸቭሮሌና ፖንቲያክ ደግሞ የፈረንሳዊውን የዱቦኔን ዘዴ ገዙ፤ ምንጩና ዘይቱ በአንድ ዕቃ ውስጥ የታሸገ ነበር። ዘይቱ ማፍሰስ ጀመረ፤ አልቆየም። ባለሁለት ክንዱ ቀረ።

ያ ባለሁለት ክንድ ነው ዛሬ ዶልፊኑና አባዱላው ሥር ያለው። ከሞላ ይልቅ የሚጠመዘዝ የብረት ዘንግ ነው እንደ ምንጭ የሚያገለግለው፣ ክንዶቹ ግን የኦሊ ዘመን ክንዶች ናቸው። ሰማያዊና ነጭ የነበሩት ላዳዎቻችንም ከፊት ባለሁለት ክንድ ነበሩ፤ ላዳ የፊያት 124 ልጅ አይደለች?

ግን ሺሚን የፈታው መልስ አዲስ ጥያቄ ወለደ፣ እኛም እስከዛሬ የምንከፍልበት እሱን ነው። ወጥ አክስል ላይ የጎማው ማዕዘን ብረቱ ውስጥ የተሠራ ነው፤ አክስሉ ካልታጠፈ አይለወጥም። ባለሁለት ክንድ ላይ ግን ማዕዘኑን የሚይዙት አራት ክንድ፣ አራት ቦልጆይንት፣ በርካታ ጎሚኒና በመሪው በኩል ያሉ ቴስቲናዎች ናቸው። ከነዚህ አንዱ ሲላላ ማዕዘኑ ይሄዳል። አላይመንት የሚባል ራሱን የቻለ ሙያ የገነነው በዚህ ምክንያት ነው። ሚኒባስ ብዙ እንዲጭን ወይም ጉድጓድ እንዳይነካ ተብሎ የሚጠመዘዘው ዘንግ ተወጥሮ ከፍ ሲደረግም ክንዶቹ ይወርዳሉ፣ ማዕዘኑ ሁሉ ይለወጣል። ከዚያ "ጎማ ፈጀብኝ" ይባላል። ጎማው ምን ያድርግ?

ማዕዘኖቹ ሦስት ናቸው፤ ካስተርን አይተናል። ካምበር ጎማው ከፊት ሲታይ ራሱ ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ ማጋደሉ ነው። ይህ ከሠረገላ ዘመን የተወረሰ ነው፤ የእንጨት ጎማ እንደ ሳህን ጎድጎድ ብሎ ይሠራ ነበር፣ መንገዱም ውኃ እንዲወርድ መሀሉ ከፍ ያለ ነበር፣ ስለዚህ ጎማው ከላይ ወደ ውጭ ዘመም ይል ነበር። ካምበር ከልክ ሲያልፍ የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አልሶ ይጨርሰዋል። ግራና ቀኙ ከተለያየ መኪናዋ ወደ ውጭ ይበልጥ ወዳጋደለው ጎን ትስባለች።

ቶ ሁለቱ ጎማዎች ከላይ ሲታዩ ፊታቸው መጠጋጋቱ ወይም መራራቁ ነው። ጣሊያኖች ኮንቨርጄንዛ ይሉታል፣ መጠጋጋት ማለት ነው፤ ጎሚስታ፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን፣ ግራሶ፣ ቦሎ ሳይቀር ከነሱ ቋንቋ የቀሩልን ናቸው። (የአምስት ዓመት ወረራ የጋራዥ መዝገበ ቃላታችንን እንዴት እንደሞላው ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ስለ ቶ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ቶ መኪናን ወደ አንድ ጎን አይስብም! ሁለቱ የፊት ጎማዎች በመሪው ዘንግ ስለተያያዙ ስህተቱን እኩል ይካፈሉታል። መሪው ጠመም ብሎ ሊቆም ይችላል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ መሳብ ግን የሱ ሥራ አይደለም። እንግዲህ "ትስባለች" ብላችሁ ሄዳችሁ ቶ ብቻ ተነካክቶ ብትመለሱ፣ የራስ ምታት ይዟችሁ ሄዳችሁ ጫማችሁ ተጠግኖላችሁ መጣችሁ ማለት ነው።

ጎማ መጨረሱን ግን አትናቁት። 60 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው ጎማ ላይ ቶው በ6 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ እያንዳንዱ ጎማ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እንደሚጎተት ቁጠሩት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎማችሁ ሐዋሳ እስኪደርስ 1.4 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ላይ በጎኑ ተፈግፍጓል ማለት ነው። በእጃችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ፤ መኪናዋ ቆማ መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ አንድ ጊዜ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ስደዱት። ወደ ውስጥ ሲሄድ ልስልስ፣ ወደ ውጭ ሲመለስ ግን እንደ መጋዝ የሚቧጥጥ ከሆነ ጎማዎቹ ፊታቸው ከልክ በላይ ተጠጋግቷል። ተቃራኒው ከሆነ ተራርቋል። (የሽቦ ክር የወጣበት ጎማ ላይ እጃችሁን እንዳትሰዱ።)

በሩ አጠገብ የቆመችው ቪትዝ ትቅር እንዳትባል። ኧርል ማክፈርሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ለትንሽ ርካሽ መኪና ሲያስብ፣ የላይኛውን ክንድ አውጥቶ ጥሎ አሞርዛተሩን ራሱን እንደ ምሰሶ ተጠቀመበት። ያቺ መኪና ለገበያ ሳትወጣ ቀረች፣ እሱም ወደ ፎርድ ሄደ፤ በ1950 የታዩት የእንግሊዝ ፎርድ ኮንሰልና ዘፊር ሐሳቡን ተሸክመው ወጡ። ርካሽ ነው፣ ቦታ አይወስድም። ኮሮላ ከ1966 ልደቷ ጀምሮ ይዛዋለች፣ ዲኤክሷም እንዲሁ፣ ቪትዝም እንዲሁ። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ? ካስተሩንና ካምበሩን የሚይዘው አሞርዛተሩ ነው። ዘንጉ ከታጠፈ፣ የላይኛው ጎሚኒ ከተቀደደ፣ ማዕዘኑ አብሮ ይሄዳል፤ በነዚህ መኪኖች ላይ ደግሞ ከፋብሪካው በቀላሉ እንዲስተካከል ተብሎ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የአላይመንት ማሽኑ ካምበር ቀይ ሲያሳይ ትክክለኛው ጥያቄ "ምኑ ታጥፎ ነው?" የሚል ነው።

አሁን ወደ ኦሊ ዘዴ ልመለስ፤ መጀመሪያ ለካ፣ ኋላ ቀየረ። መኪናችሁ ስትስብ ከምንም በፊት የአራቱንም ጎማ ንፋስ በብርድ አስለኩ። ነፃ ነው ማለት ይቻላል፣ ብዙውን ጊዜም መልሱ እሱ ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አለዋውጡ፤ ጎማው አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሽከረከር ቀስት ከሌለው ማለቴ ነው። መሳቡ አቅጣጫ ከቀየረ ጥፋቱ ጎማው ውስጥ ነው፣ አላይመንት አያሻውም። ከዚያ ፍሬን፦ ትንሽ ነድታችሁ ከቆማችሁ በኋላ አንዱ ቸርኬ ከሌላው የበለጠ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል፤ መሳቡ እሱ ነው። (በሩቅ እጃችሁን አስጠጉ እንጂ አትንኩት።) በ80 እና በ100 መሀል ብቻ የሚመጣ ንዝረት ባላንስ ነው፤ ፍሬን ስትይዙ ብቻ የሚመጣ ንዝረት ዲስክ ነው። ሁለቱም ከአላይመንት ጋር አይተዋወቁም።

ከዚያ በኋላ ነው የላላ ነገር የሚፈለገው። መካኒኩ በክሪክ አንስቶ፣ መደገፊያ አስገብቶ፣ ጎማውን መጀመሪያ ከላይና ከታች፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ይዞ ይነቅንቀው። ከላይና ከታች ሲነቀነቅ የሚንቋቋ ቦልጆይንት፣ ኩሽኔታ፣ በአይሱዙ ፔርኖ ነው። ከግራና ከቀኝ ብቻ ከሆነ ቴስቲና ወይም የመሪው ሳጥን ነው። ኩሽኔታ ሲሆን በሁለቱም ይነቃነቃል። አንድ ጥንቃቄ፦ ቦልጆይንት ክብደት ተጭኖበት ከሆነ ልልነቱን ይደብቃል፤ ስለዚህ ክሪኩ የት ጋ እንደገባ ወሳኝ ነው። ባለሁለት ክንዱ ላይ ምንጩ በታችኛው ክንድ ካረፈ ክሪኩ ከታችኛው ክንድ ሥር ይግባ።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ የተበላው ከተቀየረ በኋላ፣ አላይመንት። ቅደም ተከተሉ የሚገለበጠው ለምን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ የሚያነበው ቆማ ያለች መኪናን ነው። የላላ ቴስቲና ቆማ ሳለች አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ማሽኑ አረንጓዴ ያበራል፤ ወረቀት ይታተማል፤ ከበር ወጥታ የመጀመሪያው ኮረኮንች ላይ ቴስቲናው ሌላ ቦታ ይቀመጣል። ወረቀቱ ውሸት አይደለም። ያየው መኪና ግን አሁን የለም። አላይመንት ከመሥራቱ በፊት ሳይነቀንቅ ቀጥታ ማሽን ላይ የሚያወጣ ቤት ካጋጠማችሁ በትሕትና "መጀመሪያ ሥሩን እይልኝ ወንድሜ" በሉት። እንቢ ካለ ሌላ ጋ ሂዱ።

የመጨረሻው የታሪክ ምዕራፍ ትንሽ ያስፈራኛል። ፍራንሲስ ዴቪስ የሚባል አሜሪካዊ በ1926 በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሠርቶ አሳየ፤ ክራይስለር በ1951 ኢምፔሪያል ላይ ለገበያ አወጣው። በ1988 ሱዙኪ በትንሿ ሰርቮ ላይ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ አመጣ፤ ዛሬ ትንንሾቹ መኪኖች አብዛኞቹ በኤሌክትሪክ ናቸው። መሪው ቅቤ ሆነ፤ በአንድ ጣት ይዞራል። ያ ከመንገዱ የሚመጣ ግርፊያ አሁን ሞተሩ ጋ ሲደርስ ይዋጣል። ምቾት ነው፣ አልክድም። ግን የድሮ ሹፌር ቴስቲና ሲላላ በመዳፉ ይሰማው ነበር፤ የዛሬ ሹፌር ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ጎማው ሽቦ ሲያወጣ ነው። እጅ ካልነገረ ዓይንና ጆሮ ይተኩት፦ በየወሩ የፊት ጎማችሁን ውስጠኛውን ጎን፣ ማለትም ቆማችሁ የማይታያችሁን፣ መሪውን ዳር ድረስ አዙራችሁ እዩት። ሰውም ካለ ሞተሩ ተነስቶ መሪውን ትንሽ ትንሽ ግራ ቀኝ ያድርግላችሁ፣ እናንተ በጎን ቁማችሁ ቋ ቋ የሚለው ከየት እንደሆነ አዳምጡ።

ጎማችሁን አንስታችሁ ፎቶ ኮሜንት ላይ አስቀምጡ፤ የውስጥና የውጭ ጎኑ ሁለቱም ይታይ፣ የመኪናውንም ዓይነት ጻፉ። እዚህ ገጽ ላይ ከኔ የበለጡ መካኒኮች አሉ፤ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸውና ዝም እንዳይሉ። በሚቀጥለው ስለ ፍሬን እንጽፋለን፣ ትንፋሽ ከተረፈን።